ውሻ በቀደደው ጅብ እንዳይገባ

የቤትና የግቢ ዓምድ



በዚህ ሳምንት ስለ ውሻ እናነባለን። ርእሱን የመረጡልን ከመርሳ ወጣ ባለ ቀበሌ በማታ ትምህርት የሚማሩ አንዲት እናት ናቸው። ደብተራቸውን አጥፈው እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦

«ልጆቼ፣ ፊደሉንስ ቆጠርን። እስቲ ይህን ደግሞ ንገሩን። ውሻችን በግቢ አልቀመጥ አለ። ብናስረው ገመዱን ይበጥሳል። ብንዘጋበት አጥሩን ይቀዳል። አባወራው ‹ይገደል› ይላሉ። እኔ ግን ማሽላዬን ከዝንጀሮ፣ ፍየሎቼን ከጅብ ያተረፈልኝ እሱ ነው። ምን ላድርገው?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ቀጥሎ ግን «የኛም እንዲሁ ነው» የሚል በዛ። ስለዚህ መልሱን ለሁሉም እንዲሆን እዚህ ጻፍነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ማንበብ ለማይችል ጎረቤትም ጮኽ ብላችሁ አንብቡለት።

ለምን እንጨነቃለን?

አባቶቻችን «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይላሉ። ይህ ተረት ስለ ሰው የተተረተ ነው። ስለ አጥርም ግን እውነት ነው። ውሻው ሌሊት ሾልኮ የወጣበት ቀዳዳ እስኪነጋ ክፍት ያድራል። ጅብ ደግሞ ቀዳዳ አይንቅም። ጠባቂው ወጥቷል፣ በሩም ተከፍቷል። ታዲያ ግልገሏን ማን ይጠብቃት?

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። የወጣ ውሻ ራሱ የጅብ ራት ይሆናል። ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው ትልቅ መንገድ ላይ መኪና ይገጨዋል። የሰው ዶሮ ይበላል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል። ከሁሉም የከፋው ግን ከታመመ ውሻ ጋር ተናክሶ መመለሱ ነው። ይህን ወደ ኋላ በሰፊው እንነግራችኋለን። የሰው ሕይወት ያለው እዚያ ላይ ነውና።

ውሻ ለምን ይወጣል?

ውሻ ክፉ ስለሆነ አይወጣም። የሚያወጣው ምክንያት አለ። ምክንያቱን ካላወቅን አጥር ብቻ አይበቃም። ዋናዎቹ ምክንያቶች 5 ናቸው።

1ኛ. ረኀብ። ብዙዎቻችን ውሻ የራሱን ምግብ ራሱ ይፈልግ እንላለን። ፈልግ ከተባለ ደግሞ ይፈልጋል፤ የሚፈልገውም ከግቢ ውጭ ነው። ከብት የታረደበት ቦታ፣ የሞተ አህያ የተጣለበት ገደል ድረስ ይሄዳል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ተብሏል። በግቢያችን እንዲጮኽልን በግቢያችን ይብላ።

2ኛ. ዘር ፍለጋ። ሴት ውሻ በዓመት 2 ጊዜ ያህል ወንድ ትፈልጋለች። ያን ጊዜ ወንዱ ሽታዋን ከሩቅ ያገኛል። እሾህም ገመድም አይመልሰውም። ሴቷም ብትሆን አትቀመጥም።

3ኛ. ድንጋጤ። የክረምት መብረቅ፣ የሠርግ ተኩስ፣ የርችት ድምፅ ውሻን ያሸብራል። በሰላሙ ቀን የማይዘለውን አጥር በድንጋጤ ይዘለዋል።

4ኛ. ሰውን መከተል። ባለቤቱ ወደ ማሳ ወይም ወደ ገበያ ሲሄድ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ይከተላል። በሩ ላይ ተጋፍቶ ይወጣል።

5ኛ. መታከት። ቀኑን ሙሉ በአጭር ገመድ የታሰረ ውሻ ሥራ የለውም። ስለዚህ ሥራ ይፈጥራል። ገመድ ያኝካል፤ መሬት ይቆፍራል።

የየትኛው ምክንያት እንደሆነ ለማወቅ የሚወጣበትን ሰዓት አስተውሉ። ከምግብ በፊት ከሆነ ረኀብ ነው። እናንተ ስትወጡ ከሆነ መከተል ነው። ዝናብ ሲያጉረመርም ከሆነ ድንጋጤ ነው።

በየት በኩል ይወጣል?

አሁን ደግሞ ቀዳዳውን እንፈልግ። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። አመድ ይበቃል።

ማታ ከምድጃ የወጣ የቀዘቀዘ አመድ ውሰዱ። በአጥሩ ሥር ዙሪያውን በስሱ ነስንሱ። ጧት ማንም ሳይረግጠው ሂዱና ዱካውን ተመልከቱ። የውሻው እግር ወደ የት እንደሄደ አመዱ ይነግራችኋል። ይህም አንድ ዓይነት ንባብ ነው። እረኞች ከኛ በፊት የሚያውቁት ንባብ!

ውሻ ግቢ የሚለቅባቸው መንገዶች 4 ናቸው። ከሥር ይቆፍራል። ከላይ ይዘላል። በመካከል ይሾልካል። ወይም በበር ይወጣል። የእያንዳንዱ መድኃኒት ለየብቻ ነው።

ከሥር ለሚቆፍር፦ በሚቆፍርበት በኩል በአጥሩ ሥር አንድ ስንዝር ተኩል ያህል የጠለቀ ቦይ ቆፍሩ። በድንጋይ ሙሉት። ትላልቁ ድንጋይ ከታች፣ ትንንሹ ከላይ ይሁን። በአገራችን ድንጋይ አልጠፋም። ውሻው ሲቆፍር ድንጋይ ካገኘ ይተወዋል። አፈር ብቻ ብትመልሱበት ግን በማግሥቱ ይከፍተዋል።

ከላይ ለሚዘል፦ መጀመሪያ መሰላሉን አንሡበት። መሰላል የምንለው ከአጥሩ ጋር ተደግፎ የተከመረውን እንጨት፣ ጭድ፣ ኩበት ወይም ድንጋይ ነው። ውሻው በእሱ ላይ ወጥቶ ነው የሚዘለው። ክምሩን ከአጥሩ 3 እርምጃ አርቁት። ቀጥሎ በሚዘልበት በኩል አጥሩን ከፍ አድርጉ። ከላይ የሚደረበው የግራር እሾህ ጫፉ ወደ ውስጥ ያዘንብል። ወደ ውጭ ያዘነበለ እሾህ ሌባን እንጂ ውሻን አይከለክልም።

በመካከል ለሚሾልክ፦ ጭንቅላቱ ካለፈ ሰውነቱ ያልፋል። ስለዚህ ቀዳዳውን በጭንቅላቱ ልክ ሳይሆን ከዚያ አሳንሳችሁ ድፈኑ። የደረቀ እሾህ በየዓመቱ ይበሰብሳል። ቅንጭብ ወይም ቁልቋል ብትተክሉ ግን አጥሩ እያደገ ይሄዳል። ቅንጭብ ስትቆርጡ ተጠንቀቁ። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። ልጆችን አታስቆርጡ። ከቆረጣችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ።

በበር ለሚወጣ፦ በሩ ራሱ የሚዘጋ ይሁን። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ከሆነ ውሻው ሲገፋው ይዘጋል እንጂ አይከፈትም። መወርወሪያው ውሻ በእግሩ ሊያነሣው በማይችልበት ከፍታ ላይ ይደረግ። ከውስጥ ከበሩ 2 እርምጃ ገባ ብሎ ሌላ አጭር የእንጨት መዝጊያ ብታደርጉ ደግሞ ይበልጥ ይረዳል። ሰው አንዱን ሳይዘጋ ሌላውን አይከፍትም። ልጆች ይህን ቶሎ ይለምዳሉ። ሽማግሌዎች ናቸው የሚረሱት፤ ይቅርታ ይደረግልንና!

ውሻውን ማሰር ካለብን

አንዳንድ ጊዜ ማሰር ግድ ነው። እንግዳ ሲመጣ፣ አጥር እስኪጠገን፣ ውሻው ሰው ነክሶ ሲጠበቅ ይታሰራል። አስተሳሰሩን ግን እንወቅ።

አንገቱን በሲባጎ አትሰሩ። ሲባጎ ሥጋ ይቆርጣል። ሰፊ ጠፍር ይሻላል። ጠፍሩ ሲታሰር 2 ጣት ማስገባት አለበት። ከዚያ ከላላ ያወልቀዋል። ከጠበቀ ያንቀዋል። ቡችላ እያደገ ስለሚሄድ ጠፍሩን በየሳምንቱ እያያችሁ አላሉት። ያለዚያ አንገቱ ውስጥ ይቀበራል።

ገመድ ይታኘካል። ሰንሰለት አይታኘክም። ሰንሰለት ከሌለ ከአንገቱ አጠገብ ያለው አንድ ክንድ ያህሉ ብቻ ሰንሰለት ቢሆን፣ ሌላው ገመድ ሊሆን ይችላል።

ውሻን በአጥር አጠገብ አትሰሩ። ሊዘል ሲል ገመዱ አጥሩ ላይ ይይዘውና ታንቆ ይሞታል። ብዙ ጥሩ ጥሩ ውሾች በዚህ ሞተዋል። ገመዱ ከአጥሩ የማያደርስ ይሁን።

ከሁሉም የሚሻለው አስተሳሰር ይህ ነው። በግቢው ውስጥ በ2 ዛፎች ወይም በ2 ጠንካራ ምሰሶዎች መካከል ሽቦ ወጥሩ። በሽቦው ላይ የብረት ቀለበት አስገቡ። የውሻውን ሰንሰለት ከቀለበቱ ጋር እሰሩ። ውሻው ወዲያና ወዲህ ሲሄድ ቀለበቱ ይንሸራተታል። ውሻው ይጠብቃል፤ ይንቀሳቀሳል፤ ግን አይወጣም። በሽቦው መንገድ ላይ ገመዱ የሚጠመጠምበት ግንድ ወይም ድንጋይ አይኑር።

በታሰረበት ጥላ ይኑር። ውኃ ይኑር። የመርሳና የግራና ፀሐይ ቀትር ላይ ምን እንደሚያደርግ እናንተ ታውቃላችሁ። ሌት ተቀን በአጭር ገመድ የታሰረ ውሻ ደግሞ ነገረኛ ይሆናል። የሚያሳድገውን ልጅ እንኳ ይነክሳል። ስለዚህ በየቀኑ በሩ ተዘግቶ ትንሽ ይፈታ፤ ወይም ሰው ይዞት ይዙር።

ሲመለስ አትምቱት

ይህ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። ውሻው ሌሊቱን ዞሮ ጧት ይመለሳል። ባለቤቱ በዱላ ይቀበለዋል። ውሻው ምን ይማራል? «መውጣት ክፉ ነው» ብሎ አይማርም። «መመለስ ክፉ ነው» ብሎ ይማራል። በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠሩት ይሸሻል።

ሲመለስ በስሙ ጥሩት። ትንሽ ምግብ ስጡት። በሩን ዝጉ። ቀጥሎ ቀዳዳውን ፈልጉ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ገል፣ በስሙ እየጠራችሁ አብሉት። በተለይ ማታ መሽቶ ከመጨለሙ በፊት አብሉት። የጠገበ ውሻ የበላበት አጠገብ ይተኛል። ስሙን የሰማ ውሻ ደግሞ ከሩቅ ይመለሳል።

ዘር ፍለጋ ለሚወጣ ወንድ ውሻ ማኮላሸት ይረዳል። ይህን የሚሠራው የእንስሳት ሐኪም ነው። በቤት ውስጥ በምላጭ የሚደረግ ነገር አይደለም። ሴቷ ወንድ በምትፈልግበት 3 ሳምንት ያህል ደግሞ በተዘጋ ቤት ትቆይ።

ጥያቄ የጠየቁን እናት በአመዱ ዱካውን ፈለጉ። ውሻቸው የሚወጣው ሁልጊዜ በአንድ በኩል ነበር፤ ከእንጨት ክምሩ ላይ። ክምሩ ተነሣ። ማታ ማታ ምግብ ተሰጠው። አባወራውም «እንግዲያውስ ይቆይ» አሉ። ውሻው ተረፈ።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር እንለፍ።

የእብድ ውሻ በሽታ

የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው ከጋኔን አይደለም። ከፀሐይ ሙቀትም አይደለም። ከረኀብም አይደለም። በዓይን የማይታይ ቫይረስ የሚባል ተሕዋስ ነው የሚያመጣው። ተሕዋሱ በታመመው እንስሳ ለሃጭ ውስጥ ይገኛል። ሲነክስ፣ ወይም የቆሰለ ቦታ ሲልስ ይተላለፋል።

ተሕዋሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ በደም አይሮጥም። በነርቭ መንገድ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይወስዳል። አንዳንዴ ያጥራል፤ አንዳንዴ ከዚያ ይረዝማል። የተነከሰው ፊት ወይም አንገት ከሆነ መንገዱ አጭር ነው። ልጆች ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ውሻ ፊታቸውን ይነክሳቸዋል። ስለዚህ ለልጆች ይበልጥ እንቸኩል።

ተሕዋሱ አንጎል ከደረሰና ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። በሽተኛው ውኃ ይፈራል፤ መዋጥ ያቅተዋል፤ ይሞታል። አንጎል ሳይደርስ ግን ክትባት ያስቆመዋል። ክትባቱ ከተሕዋሱ ጋር የሚሽቀዳደም ፈረስ ነው። ቀድሞ ከተነሣ ይቀድማል።

ይህ ክትባት በሰው ላይ የተሞከረው በ1877 ዓ.ም. ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር 1885 መሆኑ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ ብዙ ቦታ የተነከሰ ጆሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ መጣለት። ክትባቱ ተሰጠ። ልጁ ዳነ። በአዲስ አበባ ጉለሌ ውስጥ «ፓስተር» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሊቅ ነው። በእሱ ስም የተጠራ የጤና ምርምር ተቋም እዚያ ነበረና።

በሽታው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ በ1895 ዓ.ም. በውሾች ላይ ወረርሽኝ ተነሥቶ እንደነበር ተመዝግቧል። ዛሬም የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በየዓመቱ በመላው ዓለም 59 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ። የሚበዙት በእስያና በአፍሪካ ናቸው። ከ10 ሟቾች 4ቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ከ100 ሕመምተኞች 99ኙ በሽታውን ያገኙት ከውሻ ነው።

ስለዚህ የግቢያችሁን ውሻ አስከትቡ። ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ይከተብ። ከዚያ በየዓመቱ ይደገም። በቀበሌያችሁ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ከ10 ውሾች 7ቱ በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ውሻን በመግደል ብቻ በሽታውን ያጠፋ አገር የለም። አንዱ ሲሞት ሌላ ያልተከተበ ውሻ ቦታውን ይይዛልና። የተከተበና በግቢው የተቀመጠ ውሻ ግን ለመንደሩ አጥር ነው።

ያበደ ውሻ እንዴት ይታወቃል?

ጠባዩ ይለወጣል። ለማዳ የነበረው ነካሽ ይሆናል። ነካሽ የነበረው ዝም ይላል። ለሃጩ ይዝረበረባል። ጩኸቱ ይለወጣል። እንጨትና ድንጋይ ይነክሳል። ያለ ምክንያት ሩቅ ይሄዳል። ኋላ እግሩ ይንገዳገዳል፤ ወዲያው ይሞታል።

አንዳንዱ ግን አይናከስም። ጨለማ ውስጥ ይተኛል። መንጋጋው ይወድቃል፤ መዋጥ ያቅተዋል። ሰው «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ያስገባል። በፍጹም እንዳታደርጉ! በሩን ዝጉበትና ባለሙያ ጥሩ። ላምና አህያም በእብድ ውሻ ከተነከሱ ይታመማሉ። ያበደ ከብት ወተቱም ሥጋውም አይነካ።

ውሻ ሰው ቢነክስ ምን እናድርግ?

1. ቁስሉን ወዲያው እጠቡ። በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ከሌለ፣ ጀበና ቡና አንድ ጊዜ እስኪፈላ ድረስ አታቁሙ። መታጠቡ ብቻውን ብዙ ተሕዋስ ያስወግዳል።

2. በቁስሉ ላይ ቅቤ፣ ቡና፣ በርበሬ፣ አመድ ወይም ቅጠል አታድርጉ። አጥብቃችሁ አትሰሩት።

3. የዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ክትባቱ እዚያ ከሌለ ወዳለበት ሆስፒታል ይልኳችኋል። ሂዱ። «ቁስሉ ትንሽ ነው» አትበሉ። ትንሽ ጭረትም በር ነው።

4. የተባለውን ቀጠሮ ሁሉ ጨርሱ። ዘመናዊው ክትባት ክንድ ላይ ነው የሚወጋው። እንደ ድሮው ሆድ ላይ ብዙ ቀን የሚወጋ አይደለም። ብዙ ጊዜ 4 ወይም 5 ቀጠሮ አለው። ቀኑን ሐኪሙ በካርዱ ላይ ይጽፋል። ካርዱን ራሳችሁ አንብቡ። ቁስሉ ስለዳነ ቀጠሮ አይቅር። ቁስል ይድናል፤ ተሕዋሱ ግን ጉዞ ላይ ሊሆን ይችላል።

5. ጸበሉም ዱዓውም አይከለከልም። ክትባቱ ግን አይቅር። ሁለቱ አይጣሉም።

6. ነካሹን ውሻ በቁጣ አትግደሉት። ጤነኛ መስሎ ከታየ በጥንቃቄ አስራችሁ 10 ቀን ጠብቁት። በ10 ቀን ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ፣ በነከሰበት ቀን ለሃጩ ውስጥ ተሕዋሱ አልነበረም ማለት ነው። ያን ጊዜ ሐኪሙ ክትባቱን ሊያቆም ይችላል። ክትባቱ ግን 10 ቀኑ እስኪያልቅ ተጠብቆ አይጀመርም፤ በመጀመሪያው ቀን ይጀመራል። ውሻው ያበደ ከሆነ አትቅረቡት። ለቀበሌና ለእንስሳት ሐኪም አስታውቁ።

እንግዲህ አስቡት። ውሻው ከአጥር የሚያመልጥ ከሆነ ማን 10 ቀን ይጠብቀዋል? በ4ኛው ቀን ቢጠፋ፣ ታሞ ይሁን ዘር ፍለጋ ሄዶ ይሁን ማን ያውቃል? የልጁ እናት እንቅልፍ አይኖራትም። ውሻን በግቢ መያዝ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

አንዳንድ ሰው «ውሻው ራሱ አመለጠ፤ እኔ ምን ላድርግ?» ይላል። ሕጉ ይህን አይቀበልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንደሚለው የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። እንስሳው በድንገት ያመለጠ ቢሆንም፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ ቢነከስ የሕክምናው ወጪ የውሻው ባለቤት ዕዳ ነው።

ነገር ግን ከፍርድ ቤት በፊት ጉርብትና አለ። ውሻችሁ የሰው ልጅ ከነከሰ ሳትጠሩ ሂዱ። ልጁን ወደ ሕክምና ለማድረስ ቀድማችሁ ተነሡ። የውሻውን የክትባት ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ዝም ያለ ባለቤት ነው ጠብን የሚያሳድገው።

በጎችንም አንርሳ

በጋችሁ ራሷን አዘንብላ በአንድ በኩል ብቻ ስትዞር አይታችሁ ታውቃላችሁ? አዙሪት እንለዋለን። ብዙ ሰው ከውሻ ጋር አያገናኘውም። ምክንያቱ ግን ውሻ ነው።

እንዲህ ነው የሚሆነው። በበጓ አንጎል ውስጥ ውኃ የያዘ ከረጢት አለ። ከረጢቱ የትል ልጆች ናቸው። በጓ ስትታረድ ወይም ስትሞት ጭንቅላቷ ለውሻ ይጣላል። ውሻው ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል። ውሻው በየግጦሹ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል በሣሩ ላይ ይወድቃል። ሌላ በግ ሣሩን ስትበላ እንቁላሉን ትወስዳለች። እንደገና አዙሪት ይመጣል። ውሻውም ይዞራል፤ በሽታውም ይዞራል፤ በጓም ትዞራለች!

ሌላም ትል አለ። ውሻ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ሲበላ ያገኘዋል። ከዚያ ወደ ሰው ተላልፎ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ከረጢት ይሠራል። ስለዚህ የታረደ እንስሳን ጭንቅላት፣ ሳንባና የተበላሸ ጉበት ለውሻ አትጣሉ። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ውሻ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ።

የዱር አራዊትም ከኛ ውሻ ይታመማሉ። በላስታ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም። የቀረው ጥቂት መቶ ብቻ ነው። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ከቤት ውሾች የመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በአንድ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከ4ቱ 3ቱን ያህል ፈጀ። አንድ ያልተከተበ ውሻ ተራራ ወጥቶ ይህን ያህል ያጠፋል።

ለልጆች የሚነገር

ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ይህን ንገሯቸው። የማታውቁትን ውሻ አትንኩ። የሚበላ፣ የሚተኛ ወይም ቡችላ የያዘ ውሻ አትቅረቡ። ውሻ ቢመጣባችሁ አትሩጡ፤ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። ውሻ ቢነክሳችሁ ወይም ቢቧጭራችሁ ለእናታችሁ ወዲያው ንገሩ። ይህን ሲናገሩ አትቆጧቸው። ዱላ የፈራ ልጅ ቁስሉን ይደብቃል። የተደበቀ ቁስል ደግሞ ይገድላል።

አዲስ ቃላት

ቫይረስ፦ በዓይን የማይታይ፣ በሽታ የሚያመጣ ተሕዋስ።
ነርቭ፦ ከአንጎል ወደ ሰውነት ሁሉ የተዘረጋ መልእክት አድራሽ ጅማት።
ወረርሽኝ፦ በአንድ ጊዜ ብዙዎችን የሚይዝ በሽታ።
ኃላፊ፦ ተጠያቂ፤ ዕዳው የሚደርስበት ሰው።

ጥያቄዎች

1. ውሻ ከግቢ የሚወጣባቸውን 5 ምክንያቶች ተናገሩ። የናንተ ውሻ በየትኛው ይወጣል?
2. ውሻ ሲመለስ መምታት ለምን ጥሩ አይደለም?
3. ቁስል ለስንት ደቂቃ ይታጠባል? በምንና በምን?
4. አንድ ልጅ ታኅሣሥ 3 ቀን ተነከሰ። ውሻው 10 ቀን የሚሞላው በየትኛው ቀን ነው? ክትባቱስ የሚጀመረው በየትኛው ቀን ነው?

ለጽሕፈት ልምምድ

ከደብተራችሁ አንድ ገጽ ለውሻችሁ ስጡ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

የውሻው ስም ________
የተከተበበት ቀን ________
እንደገና የሚከተብበት ቀን ________
ያገኘነው ቀዳዳ ________
የደፈንበት ቀን ________

ይህን ገጽ አትቅደዱ። ውሻው ሰው ቢነክስ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ተከትቧል ወይ? መቼ?» ብሎ ነው። ያን ጊዜ «ይመስለኛል» አትሉም። ገጹን ገልጣችሁ ታሳያላችሁ።

የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመስቀል ማግሥት ይውላል። ያልተከተበ ውሻ ያላችሁ ግን መስቀልን አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ጠይቁ።

በሚቀጥለው ሳምንት የምንጭ ውኃ እንዴት እንደሚጠበቅ እናነባለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ። ማታ በሩን መዝጋት አትርሱ።